ቁልቁለት

ደሴ ለቁልቁለት አትሰስትም፣ ለጋስ ናት፤
ሞተሪኖ ለሞተበት ዳገቷ ነው ሀብት።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአብዬን ሚሌ ቼንቶ
ሆጤ አፋፍ አቆማታለሁ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ገብቶ።
ጠዋት፣ የጦሳ ጭጋግ ገና ሳይሳሳ፣ ሳይላላ፣
ድንጋዩን ፈንቅዬ፣ የእጅ ፍሬኗን ሳላላ፣
ትንደረደርና፣ ፍሪሲዮን ስለቅላት
ትነሳለች አኩርፋ፣ ሳል እንደያዛት አሮጊት።

ቁልፍ ሳዞር ግን ዝም። መብራቷ ይበራል፣
ክላክሷ ፒያሳን ያህል ሕዝብ ይበትናል፣
ሞተሪኖዋ ብቻ
«ት» እንኳን አይልም።

ከአብዬ ቀብር ማግስት ጀምሮ አፏን ዘጋች፤
እትዬ ዘምዘም «ተዪያት» አሉ፣ «ሐዘን ተቀምጣለች።»
ባትሪ ለወጥሁ ሁለቴ። ሞተሪኖዋን አስፈትቼ፣
በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ፣
ኮምቦልቻ ካርቦን አስቀይሬ መጥቼ፣
አንዱ «ቦቢና ነው» አለ፣ አንዱ «ቁልፉ ነው»፣ አንዱ «ሽጪልኝ።»
እውነቱን የተናገረ የመጨረሻው ብቻ መሰለኝ።

ዓምና በሐምሌ፣ ሲያካፋ፣ ጋሽ አበጋዝ መጣ፤
ድሮ የአውራ ጎዳና ኤሌትሪሺያን፣ ዛሬ አንድ ዓይኑን ያጣ።
ከኪሱ የፍሬቻ አምፖል አወጣ፣ ሁለት ሽቦ ያበቀለ፤
ሙሉ መሣሪያው ይኸው ነው። «ሌላው ወሬ ነው» አለ።
አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አሰረ፤ በሌላው ባትሪውን ነካ፤ በራ።
የሞተሪኖውን ወፍራም ካቦ ነካ፤ በራ፣ እንደ ጠራራ።
ቀጭኗን ቀይ ሽቦ ያዘ፣ ከቁልፍ የምትመጣዋን፤
«አዙሪ!» አለኝ። አዞርሁ።
ጨለማ።
«ድገሚ!»
ጨለማ።

«ይኸ ጤነኛ ነው፤ ያም ጤነኛ ነው፤
ትእዛዝ ነው የጠፋው። መልእክተኛው የት ነው?»

ሽቦዋን እንደ ሙስበሃ በጣቱ እያሳለፈ
ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ፤ እግሩ ውጭ ተረፈ፤
ተማሪው ሽኩር ለሁለት ጫማ ጃንጥላ ዘረጋ።
«አሃ! ይህች ልጅ» ሲል ሰማሁት «መንገድ ቀይራለች፤
ወደ ሞተር ስትላክ፣ ወደ ወንበር ትሄዳለች!»

ምንጣፉን ገለጠ። አፈር። የከረሜላ ወረቀት።
የኔ የልጅነት ካልሲ፣ አንድ እግር።
ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ በናስትሮ የታሰረች
የበር ደወል መጥሪያ፣ ነጭ የነበረች።

ጋሽ አበጋዝ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ ሳቀ፣ ሳለ።
«እንዲህ ያለ ስንቱን ሠርቻለሁ! ይቺ ግን የኔ እጅ አይደለችም» አለ።
«ያኔ ለግዳጅ መኪና ሲለቅሙ ከየደጁ፣
ብልህ ሰው ቁልፍ አይከለክልም፤ ይሰጣል በገዛ እጁ።
ያዞራሉ፣ ያዞራሉ። ‹በድን ናት› ብለው ይሄዳሉ።»

እኔ ግን ሌላ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው፤
አብዬ ከመንዳቱ በፊት፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣
ግራ እጁ ወደ ታች፣ «ቢስሚላህ» ሲል ዝግ አድርጎ።
እኛም ከኋላ ወንበር አብረን ጎንበስ እንል ነበር፤
ዱዓ መስሎን ነበር።
ወንድሜ አንዋር፣ ሰመራ ላይ አይሱዙ የሚነዳው፣
እስከ ዛሬ ጎንበስ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባው።

እማዬ ወሬው ሲደርሳት ኩርሲዋን ይዛ ወጣች፤
መጥሪያዋን አየቻት፤ ብዙ ዝም አለች።
«ሠላሳ ዓመት ጎኑ ተቀምጬ!» አለች። «ለእኔም!»
ተቆጣች ይሁን ሳቀች፣ ዝናብ ነበር፣ አልለየሁም።

ሽኩር በብርጭቆ ወረቀት የመዳቧን ዝገት ፈገፈገ።
ተጫንሁ። አዞርሁ። ት።
አንዴ ደግሞ። ት፣ ት፣
ከዚያ ሆጤን የቀሰቀሰ ግርታ።

«በቀጥታ ላገናኘው? ይኸን ጣጣ ላውጣው?»
«ተወው» አልሁት። ዋጋውን ነገረኝ፤ ተከራከርሁ፤ ከፈልሁ።

አሁን ትነሳለች። ጎንበስ እላለሁ፣ እጫናለሁ።
ቁልቁለት ላይ ማቆሙን ግን አልተውሁም፤
ድንጋዩንም አልጣልሁም።
ደወል ነው፤
አንድ ቀን የሚከፍት ባይኖርስ?